የፈንዲሻ ኮርኒስ በራሴ ልርጭ ብዬ ጠየቅሁ፤ 33 መልስ መጣ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ማታ፣ መብራት ሄዶ እንደመጣ። ደብረ ማርቆስ፣ የእናቴ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተንጋልዬ ኮርኒሱን አያለሁ። ሳሎኑ አራት በአምስት ሜትር ነው። ኮርኒሱ ቺፑድ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የተመታ። ከአምፖሉ ወደ ቡፌው በኩል ዝናብ የሣለው ቡናማ ካርታ አለ። እናቴ ጣና ትለዋለች። በየክረምቱ ጣና ትንሽ ትንሽ ይሰፋል።

ባለፈው ጥምቀት ባሕር ዳር አንድ ዘመድ ቤት ገብቼ ነበር። ኮርኒሱ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ ነጭ፣ ፈንዲሻ ወደ ላይ ተበትኖ እዚያው የቀረ የሚመስል። በማሽን የተረጨ ነው አሉኝ። ዓይኔ እዚያው ቀረ። አገሬ ተመልሼ ባለሙያ ጠራሁ። የጠየቀኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴም ስልክ ታነባለች። እናም ጠየቅሁ። ኮምፕሬሰር ተከራይቼ በራሴ ብረጨው ምን ያስፈልገኛል? ምኑ ከምን ይበጠበጣል? ጣናንስ ይሸፍንልኛል?

በሦስት ቀን 33 መልስ መጣ። ለመከታተል ነጥብ ብቻ አስቀምጠው ያለፉትንና በየመልሱ ሥር የገቡትን አልቆጠርኩም፤ ሌላውን ላውራችሁ።

1ኛው መልስ ከፍኖተ ሰላም ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ስለ እናቴ ጤና ጠይቆ ነው የጀመረው። የሚረጭ ኮርኒስ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አስረዳኝ። ስስ ሆኖ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል አለ። ተረጭቶ አስር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ማብረቅረቁ ሲጠፋ በሰፊ ስፓቱላ ጫፉን ደፍጠጥ የሚያደርጉት አለ። ሦስተኛው እኔ ያየሁት ፈንዲሻው ነው፤ እሱ ውስጥ እንደ ፎም ያለ ጥቃቅን ፍሬ ይገባበታል። ለጀማሪ የሚመክረው ሁለተኛውን ነው። ምክንያቱም እጅህ ተንቀጥቅጦ የረጨኸውን ስፓቱላው ያስታርቅልሃል።

2ኛው የቡሬ ሰው ነው፤ ሁለት ክፍል በእጁ ረጭቷል። ከሁሉም በላይ ሥራ ያስያዘኝ የሱ መልስ ነው። መርጫው የመኪና ቀለም መርጫ እንዳልሆነ አስጠነቀቀኝ። የመኪናው አፍ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ስቱኮ፣ ማለት የሚረጨውን ሊጥ መሰል ነገር፣ ስትጨምርበት ወዲያው ይታፈናል። የሚያስፈልገው ላዩ ላይ ትልቅ ቋት የተገጠመለት መርጫ ነው፤ አፉ የሚቀያየር፣ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ። አፉ በሰፋ ቁጥር ጠብታው ይወፍራል። የአየሩ ግፊት ሁለት ባር ቢሆን ይበቃል። ከኮርኒሱ ግማሽ ሜትር ያህል መራቅ፤ እጅን ሳያቆሙ ክብ ክብ እያደረጉ መሄድ፤ መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ስስ አድርጎ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በማቋረጥ። አንድ ቦታ ላይ እጅህ ከቆመ እዚያ ቦታ ጡት ይንጠለጠላል አለ። ቃሉ የሱ ነው፤ ይቅርታ። ለኮርኒስ ደግሞ ቋቱ ከመርጫው ጋር የሚያያዝበት ክርን መሰል ቱቦ መታጠፍ አለበት። እሱ መጀመሪያ ቀን ሳያጥፈው ወደ ላይ አንጋጥጦ የመርጫውን ምላስ ሲስብ ቋቱ ሙሉ ስቱኮ አናቱ ላይ ወርዷል። ሚስቱ እስከ ዛሬ ሽማግሌው ትለዋለች።

3ኛዋ የሞጣ ሴት ናት። ስለ ውፍረቱ ስጠይቅ ወንዶቹ በሊትርና በኪሎ ሲናገሩ ሰምታ ተገረመች። የእንጀራ ሊጥ ነው፣ አለቀ። በጭልፋ ዝቀህ ስታፈስሰው ሳይቆራረጥ ከወረደና ላዩ ላይ የሠራው መስመር ቀስ ብሎ ከጠፋ ደርሷል። ለፈንዲሻው ግን ወፈር ይበል፤ የአነባበሮ ያህል።

4ኛው የየትኛውን ሊጥ እንደሆነ ጠየቀ። አብሲት ሳይገባ ወይስ ከገባ በኋላ? እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መልሱን ይዛለች፤ አብሲት ገብቶ፣ ኩፍ ሳይል። ከዚህ በኋላ ስለ ጤፍና ስለ ዳጉሳ ሊጥ አራት አምስት አስተያየት ገባ። ጠቃሚ ነው፤ ግን ለኮርኒስ አይደለም።

5ኛው ኮምፕሬሰር ከጎሚስታ እንድከራይ መከረኝ። ማርቆስ ውስጥ መናኸሪያው አካባቢ ጎሚስታ አይጠፋም። 6ኛው ወዲያው አረመው። ጎማ መንፋትና ስቱኮ መርጨት አንድ አይደለም። ጎማ ግፊት ይፈልጋል፤ መርጫው ደግሞ ብዛት ያለው አየር ይፈልጋል፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ሊትር። ትንሿ ኮምፕሬሰር ስምንት ባር ታሳይህና ግማሽ ደቂቃ እንደረጨህ ትተነፍሳለች። ቆመህ ትጠብቃለህ፤ እስክትሞላ የረጨኸው ጠርዝ ይደርቃል፤ ስትቀጥል መጋጠሚያው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ታንከሯ ትልቅ ትሁን፤ የግፊት መቀነሻ ይኑራት። ሰውዬው ኤሌክትሪሻን ሳይሆን አይቀርም። ትልቋ ኮምፕሬሰር ስትነሳ የምትስበው ኃይል ብዙ ስለሆነ ከእንጀራ ምጣድ ጋር አብሬ እንዳላሠራት አሳሰበኝ። እናቴ የምትጋግረው ማክሰኞና ዓርብ ነው። መዘገብኩት።

7ኛው ከጎዛምን የመጣ ገበሬ ነው፤ ወይም የገበሬ ልጅ። አረም መድኃኒት የሚረጩበት የጀርባ መርጫ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰው ሳቀበት። አልወደድኩትም፤ ጥያቄው የሚሳቅበት አይደለም። መልሱን የሰጠው የቡሬው ሰው ነው። የጀርባ መርጫ ቀጭን ፈሳሽ እንጂ ሊጥ አይገፋም። ግን ከዓመታት በኋላ የተረጨውን ኮርኒስ ማንሳት ብትፈልጉ፣ መድኃኒት ያልነካው አዲስ የጀርባ መርጫ ውሃ ለማርከፍከፍ ከሱ የተሻለ የለም። ርሶ ሲለሰልስ በስፓቱላ ይፋቃል፤ አቧራም አይነሣም።

8ኛው የዳንግላው ወጣት ነው። ስለሱ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ይገባዋል።

እሱ ስቱኮ ውድ ሆኖበት ጀሶ ገዛ። ንጹሕ ጀሶ፣ በውሃ። ነጭ ነው፣ ይለጥፋል፣ ርካሽ ነው። በባልዲ በጠበጠ። ቋቱን ሞላ። መሰላሉን አቆመ። አምፖሉን ፈታ። የመሰላሉ እግር ስለሚወዛወዝ ወርዶ ካርቶን አጥፎ ከሥሩ አስገባ። ስልክ ጠራ፤ እህቱ ናት፤ አናገራት። ከዚያ ወጥቶ ምላሱን ሳበ። ትንሽ ትፍ አለ፤ ቆመ። ደግሞ ሳበ። ምንም። ቋቱን በጣቱ ሲነካው ድንጋይ ሆኗል። ሞቅ ሞቅ ይላል አለ፤ ዳቦ ከምድጃ እንደወጣ። ባልዲውም እንደዚያው። ባልዲውን ገልብጦ ሲመታው ባልዲ የሚያህል ነጭ ኬክ ወጣ። ፎቶውን ለጥፎታል። ከነእጀታው ምልክት።

9ኛው ለምን እንደሆነ አስረዳ፤ የኬሚስትሪ አስተማሪ ይመስለኛል። ጀሶ የተቃጠለ ድንጋይ ነው። ጂፕሰም የሚባለው ድንጋይ 150 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ በውስጡ ያለውን ውሃ አብዛኛውን ይለቃል፤ ያ ዱቄት ጀሶ ነው። ውሃ ስትመልስለት ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል፤ ሲመለስም ሙቀት ይሰጣል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ለጂፕሰም ቦርድ መጋጠሚያ ተበጥብጦ የሚሸጠው ስቱኮ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ውሃው ተንኖ ነው የሚደርቀው፤ ቋት ውስጥ እያለ አይከዳህም። 10ኛው ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ጀሶው ይዘገያል ብሎ ጨመረ። እውነት ነው፤ የሎሚ አሲድ ያዘገየዋል። 11ኛው ደግሞ ባልዲው ያልታጠበ ከሆነ፣ የትናንቱ ጀሶ ፍርፋሪ ካለበት፣ የዛሬው ከወትሮው ፈጥኖ ይደርቃል አለ። የዳንግላው ልጅ ይህን ሲያነብ ባልዲው ከጎረቤት የተዋሰው መሆኑን፣ ጎረቤቱም ለሳኝ መሆኑን ተናዘዘ።

12ኛው ጀሶ ሲነሳ አባይ በረሃ ትዝ አለው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲወረድ በመንገዱ ዳር የሚታየው ነጣ ነጣ ያለ ንጣፍ ጂፕሰም መሆኑን ነገረን። ብዙዎቻችን ስንት ዓመት በአውቶቡስ አልፈንበት ኖራ መስሎን ኖረናል። ከዚያ ወሬው ወደ አባይ በረሃ ቁልቁለት፣ ወደ ፍሬን፣ ወደ አንድ ሹፌር ጀግንነት ሄደ። አለፍኩት።

13ኛው ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። እዚህ ላይ አየሩ ተለወጠ።

ሰውዬው ተወልዶ ያደገው ደብረ ማርቆስ ነው። እሱ የሚኖርበት ቤት ኮርኒሱ ፈንዲሻ ነበር። እዚያ አገር ፋሽኑ ካለፈ ቆይቷል። ሰዉ ገንዘብ ከፍሎ ያስፍቃል እንጂ አያስረጭም። ይባስ ብሎ የድሮው ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ብናኙን ሲተነፍሱት ካንሰር የሚያመጣ ማዕድን ነው። አሜሪካ ለጌጥ የሚረጨውን አስቤስቶስ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ስለዚህ አሮጌ ኮርኒስ ከመፋቁ በፊት ቁራጩ ላቦራቶሪ ገብቶ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። መጨረሻ ላይ ግን እነሱ የጣሉትን እናንተ ታነሳላችሁ የሚል ነገር ጣል አደረገ። ምነው ሸዋ!

14ኛው እሳት ጎርሶ መጣ። የትውልድ አገሩን ኮርኒስ ለማየት አሥር ዓመት ያልመጣ ሰው ስለ ፋሽን ሊያስተምር አይችልም አለ። 15ኛው ባሰበት፤ የሰውዬውን ዶላር፣ መኪናውንና አነጋገሩን ሁሉ አነሳ። እኔ ጥያቄ ጠያቂው እንኳ አፈርኩ። 16ኛዋ ገብታ ሁለቱንም አረጋጋች። ባሕር ዳር የውስጥ ማስዋብ ሥራ ትሠራለች። ዛሬ ከሱቅ የምትገዛው ስቱኮ ያ የድሮው የአሜሪካ ፈንዲሻ እንዳልሆነ፣ ስለ ሌላው ነገር ግን የሜሪላንዱ ሰው ልክ መሆኑን ተናገረች። ጎርባጣ ኮርኒስ አቧራ ይይዛል፣ የሸረሪት ድር ይይዛል፣ ጢስ ይይዛል። ቀለም ካልተቀባ በእርጥብ ጨርቅ አይወለወልም፤ ስቱኮው ይሟሟል። ከዚያ እኔን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እናትህ ቡና የሚያፈሉት የት ነው?

ሳሎን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፤ በዓል ሲሆን ሦስት። ከሰል፣ ዕጣን፣ አንዳንዴም ወይራ። ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁ። ጣና ካለበት ሌላ ከረከቦቱ በላይ ያለው ቦታ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ለስላሳ ኮርኒስ እንዲህ ከሆነ ፈንዲሻው ሁለት ፋሲካ አይሞላውም። ይህን ያህል ዓመት ስኖር ቢጫውን አላየሁትም ነበር።

17ኛው ቀድሞ የቆሎ ተማሪ የነበረ ነው። ምንም ምክር አልሰጠም፤ ሁለት ስንኝ ብቻ። ጨዋታው ያለው ያፈሳል የሚለው ቃል ላይ ነው። ሰሙ ጣራዬ ነው፤ ውሃ ያፈሳል። ወርቁ እኔ ነኝ፤ በሚያፈስ ቤት ገንዘቤን አፈሳለሁ። ቀና ብዬ ሳቅሁ። ከ18 እስከ 20 ያሉት ግን ኮርኒሱን ረስተው ከቅኔ ቤቶቹ ዋሸራ ይበልጣል ጎንጅ ውስጥ ገቡ። ጎጃም ውስጥ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ይህ ካልተነሳ ነው የሚገርመኝ።

21ኛው መልስ የጻፉት የቢቸና አናጢ ናቸው። አንቱ የምላቸው ራሳቸው ዕድሜያቸውን ጠቅሰው ስለጀመሩ ነው፤ አናጢነት በጀመሩ ጊዜ እኔ አልተወለድኩም። ሃያ ሰው ስለ መርጫ ሲያወራ ማንም ስለዚያ ቡናማ ነገር አልጠየቀም ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው የአባት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቱኮ በውሃ የተበጠበጠ ነው። ቺፑድ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ያበጠ ቺፑድ ሲደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ባዶ ቺፑድ ላይ ስቱኮ መርጨት በራስ እጅ ማዝነብ ነው። ቡናማውም ቢሆን በስቱኮ አይሸፈንም፤ ሲደርቅ ከሥር ተስቦ ይወጣል። መጀመሪያ መላው ኮርኒስ በዘይት ቀለም መዘጋት አለበት። እሱም ቢሆን ጣራው ሳይደፈን ከንቱ ነው።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር አሉ። ለመርጨት ጊዜው አሁን አይደለም፤ በዚህ ዝናብ ስቱኮው ቀናት ቢቆይም አይደርቅም። ጥቅምት ይሻላል። ቀዳዳውን ለመፈለግ ግን ጊዜው አሁን ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ ጣራ ላይ ብትወጣ ሁሉም ምስማር ደህና ይመስልሃል። በክረምት ዝናቡ ራሱ ጣቱን ይቀስርልሃል። ሰው ግን በክረምት ጣሳ ደቅኖ ይተኛል፤ በበጋ ፀሐይ ሲወጣ ጣራ ላይ ይወጣል።

አፈላለጉንም አስተማሩኝ። በዝናብ ቆርቆሮው ላይ አይወጣም፤ ያንሸራትታል። በኮርኒሱ መስኮት ገብተህ ከውስጥ ነው የምታየው። የምትረግጠው ሞራሌውን፣ ማለት እንጨቱን፣ ብቻ ነው፤ ቺፑዱን ከረገጥክ ሳሎን ነህ። ውሃ ከቀዳዳው በቀጥታ አይወርድም፤ ሞራሌውን ተከትሎ ይሄድና የሆነ ቦታ ሲደክመው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከቡናማው በላይ አትፈልግ፤ እርጥቡን ተከትለህ ወደ ላይ ሂድ። ስታገኘው ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ወደ ውጭ አሾልክ። ዝናቡ ሲያባራና ቆርቆሮው ሲደርቅ ከላይ ሆነህ ሽቦውን ታየዋለህ።

22ኛው መልስ የኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ወጣሁ። የስልኬን መብራት ጥርሴ ውስጥ ይዤ፣ ሞራሌው ላይ እንደ ድመት በአራት እግሬ። ጫጫታው ሌላ ነው፤ እዚያ ውስጥ ዝናብ አይዘንብም፣ ጠጠር ይወርዳል። የአይጥ ጎጆ አገኘሁ፤ ከኔ የድሮ ደብተር የተሠራ፤ አንድ ቁራጭ ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ ይነበባል። እርጥቡን ሞራሌ በእጄ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ጣና ካለበት አንድ ሜትር ተኩል ርቆ፣ አምፖሉን አልፎ፣ የአንድ ምስማር ጎማ ተሰንጥቋል። ጠብታው እዚያ ይፈጠራል፤ ትንሽ ያመነታል፤ ከዚያ ሞራሌውን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ዝም ብዬ አየሁት። ሃያ ዓመት ስንሰድበው የኖርነው አንድ ምስማር ነው። ሽቦውን አሾለክሁ። ስመለስ ጣናን ከላይ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤ ወጥ የነካ ድፎ ዳቦ ሆኖ ገባ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ እንኳን ደስ ያለህ የሚል ሰው ስጠብቅ 23ኛው መጣ። ባለሙያ ቀቢ ነው፤ የት እንዳለ አልተናገረም። በቪዲዮ ሦስት ደቂቃ አይቶ ሙያተኛ የሚሆን ሰው ሰልችቶታል። እንዲህ እንደኔ ያለው ሰው ያበላሸውን ቤት የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ዋጋ ሲጠራ ግን ሌባ ይባላል። ቀጥሎ በሂሳብ መታኝ። ሃያ ካሬ ኮርኒስ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ብትረጭ 40 ሊትር ነው። አንድ ሊትር እርጥብ ስቱኮ ከአንድ ኪሎ ተኩል አያንስም። 60 ኪሎ። የበሰበሰ ቺፑድ ላይ አንድ ሰው አጋድመህ ከሥሩ ቡና ልትጠጣ ነው አለኝ።

24ኛው አረመው፤ ተረጭቶ ጎርበጥ ያለ ነገር በመካከሉ ክፍተት ስላለው አማካዩ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም እንደማይዘል፣ ውሃውም ሲተን እንደሚቀል ጠቆመ። ስለዚህ ሰውየው ሳይሆን ልጁ ነው የተጋደመው። ቀቢው አልተከራከረም። የገረመኝ 25ኛው ነው፤ የጻፈው ያው ቀቢ፣ ግን ድምፁ ወርዷል። ምናልባት ሽቦውን ዘግይቶ ነው ያነበበው። እሱ ቢሆን የሚያደርገውን በተራ ነገረኝ። የበሰበሰውን ቺፑድ ቆርጦ ማውጣት፤ ከሞራሌ እስከ ሞራሌ፣ አዲሱ ጠርዝ የሚመታበት እንጨት እንዲያገኝ። ምስማሩ የላላውን ሁሉ በብሎን መልሶ ማጥበቅ። መጋጠሚያውን በመረብ ፕላስተር ይዞ በስቱኮ መሙላት፤ ያለዚያ የተረጨው በየመስመሩ ይሰነጠቃል። ሁለት ጊዜ ዘይት ቀለም። ከዚያ ነው መርጨት። መርጨቱ ራሱ ለሳሎንህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አለ፤ ዋጋ የጠየቅሁህ ለዚያ ግማሽ ሰዓት አይደለም ብሎ ጨመረ።

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። የጠየቅሁህ? ቤቴ መጥቶ የለካው ሰው ይሆን እንዴ? በውስጥ መስመር ጻፍኩለት። አልመለሰም።

26ኛው የተረጨ ኮርኒስ የቆርቆሮ ዝናብ ድምፅ ይቀንሳል ወይ ሲል ጠየቀ። 27ኛው አይቀንስም አለ። ክፍል ውስጥ ያለውን የድምፅ ማስተጋባት ትንሽ ይለዝበዋል፤ ከላይ የሚመጣውን ግን የሚያቆመው ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፍ ወፍራም ነገር ነው። 28ኛው በስቱኮ ፈንታ ሲሚንቶ ብረጭስ አለ። 29ኛው በአንድ መስመር ቀበረው፦ ለብሎኬት ግድግዳ ይሁን፣ ለቺፑድ ጣራ እንዳታስበው።

30ኛው መርጨቱ ሁሉ ቀርቶበት የልጅነቱን ኮርኒስ አስታወሰ። ማዳበሪያ ተሰፍቶ፣ ኖራ ተቀብቶ የተወጠረ። ነፋስ ሲገባ ይተነፍሳል፤ ከፍ ዝቅ። አይጥ ስትሄድበት እግሯ ከታች ይታያል፤ እሱና ወንድሙ በመጥረጊያ እንጨት ይከተሏት ነበር። 31ኛው ጨርቅ ለጥፎ መቀባት የድሃ ነገር እንዳልሆነ ሊያስረዳ ዘጌ ወረደ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ ጭቃና ጭድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። የጎንደር ሰው ቢኖር ኖሮ ወዲያው የደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ኮርኒስ ያመጣብን ነበር። አልነበረም፤ ተረፍን።

32ኛዋ የሞጣዋ ሴት ናት፤ ተመልሳ መጣች። ከመርጨቴ በፊት ሳሎኑን ባዶ እንዳደርግ፣ ማውጣት ያልቻልኩትን ከላይ እስከ ታች በላስቲክ እንድጠቀልል አዘዘችኝ። ግድግዳውንም፣ መስኮቱንም፣ ማብሪያ ማጥፊያውንም። መነጽርና ማስክ። ባሏ ቡፌውን ሲሸፍን የመስታወቱን በር ገርበብ አድርጎ ትቶት ነበር። ሲኒዎቹ ዛሬም ነጭ ኩፍኝ አለባቸው፤ እንግዳ ሲመጣ በዚያው ነው የምታቀርበው፣ ሆን ብላ፣ እሱ እያየ።

እኔ አሁን ያለሁበት ይህ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ፀሐይ በወጣበት ቀን ሽቦውን ከላይ አግኝቼ ምስማሩን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ በደንብ ዘንቧል፤ ሞራሌው ደረቅ ነው። ጣናን በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁት። እናቴ ቁራጩን አልጣለችውም፤ ከእንጨት ማገዶው ጋር ግድግዳ አስደግፋዋለች። ለጥቅምት የምረጨው ፈንዲሻ አይደለም፤ ተደፍጥጦ የሚለሰልሰው ነው፤ ላዩ ላይ የሚታጠብ ቀለም። ረከቦቱም ወደ በረንዳ ይወጣል ብዬ ነበር። ያ ሐሳብ ቤት ውስጥ አላለፈም።

33ኛው መልስ ከእንጅባራ ነው። መርጫ የት እንደማገኝ ጠየቀኝ። ከዳንግላው ልጅ ልዋስ ተስማምተናል አልኩት። ልጁ ራሱ ሥር ገብቶ መለሰ፤ ቋቱን አጽድቶታል፣ አፉ ውስጥ ያለውን ግን ገና በምስማር እየፈለፈለ ነው።